በውኃ የሚጽፉት እማማ ሼን

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቴዎፍሎስ፤

እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ላላየሁት ሰው ጽፌ ስለማላውቅ አንዱን ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። እናቴ ጌታነሽ «ሰላምታውን አስረዝሚው፤ ሰው አገር ያለ ሰው የሚርበው ሰላምታ ነው» አለችኝ። እንግዲያው የመንዝ ብርድ ያላቀዘቀዘው የሁላችንም ሰላምታ፣ ከበረት እንደሚወጣ የበግ መንጋ ተከታትሎ ደጅዎ ይድረስ። የአገሩ አድባር ይቀበልዎ።

እኔ ጽናት ነኝ፣ የየኔታ ወልደ ጻድቅ የልጅ ልጅ፤ አባባ የምላቸው እሳቸውን ነው። የእርስዎ አያት የአባባ እኅት ስለሆኑ ዘመድዎ ነኝ። እርስዎ እዚህ ቅኔ ሲማሩ እኔ ገና አልተወለድኩም። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ከሰባተኛ ክፍል አላለፍኩምና ጽሕፈቴ ቢያስቸግርዎ ይታገሡኝ።

ያስጻፉኝ አባባ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ፊደል የሚያጎላ መነጽር ከዚያ ቢገኝ ይላሉ። በስምዎ አልጠሩዎትም። «ለዚያ ቻይና ላለው ልጅ ጻፊለት» ነው ያሉኝ። ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂው ብለዋል። «እዚያ አገር ዛሬም ንጉሥ አለ ወይ? መምህሬ፣ የቻይናው ንጉሥ ሕፃን ነው፣ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት አይደርስም ይሉን ነበር።»

ይህን ወረቀት እናቴ በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ከተማ ትወስደዋለች። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው መሲ በስልኳ አንሥታ ትልክልዎታለች። የእርስዎንም መልስ አትማ ትሰጠናለች። ኔትወርክ ሲኖር ነው እንግዲህ።

ዘመድዎ ጽናት

*

ናንጂንግ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽናት፤

እንደ ስምሽ ያጽናሽ። የኔታን ጉልበታቸውን ስመሽ ከእኔ ነው በያቸው። ለጌታነሽም «ሰላምታሽ ሳይጎድል ደርሷል» በይልኝ። ጽሕፈትሽ ምንም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ አንቱታሽ ነው፤ አንተ በይኝ።

መነጽሩን ገዝቻለሁ፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እየፈለግሁ ነው።

ንጉሥ የለም። የኔታ የሰሙት ግን እውነት ነው። የመጨረሻው ንጉሥ በእኛ አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዙፋኑን ሲለቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ነገሥታት ሲፈራረቁበት የኖረ አገር በአንድ ሕፃን ላይ ቆመ። በዚያው ሰሞን ወንዶች ከኋላ የሚጎነጉኑትን ጠጉር ቆረጡ፤ የሴት ልጅ እግር እንዳያድግ ማሰር በአዋጅ ተከለከለ፤ የዘመን አቆጣጠሩም ተለወጠ።

እዚህ ናንጂንግ ሙዚየም የሆነ የፈተና ግቢ አለ። በነገሥታቱ ዘመን ሰው ለሹመት የሚበቃው የጥንት መጻሕፍትን በቃሉ አጥንቶ፣ ግጥም ገጥሞ፣ ተፈትኖ ነበር። ተፈታኙ ከቅኔ ተማሪ ጎጆ በምትጠብ ክፍል ለቀናት ይዘጋበታል። እዚያው ይጽፋል፣ እዚያው ያድራል። ፈተናው የቀረው ዘውዱ ከመውደቁ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ዘውዱ ሲወድቅ ግን ፈተናው ይመለሳል ብለው ሲጠብቁ የነበሩት ሁሉ ተስፋቸው ተቆረጠ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠና ሰው ዕውቀቱን እንደ ያዘ፣ የሚቀበለው አጥቶ ቀረ። ከክፍሎቹ በአንዱ ገብቼ ተቀመጥኩ። የኔታ ትዝ አሉኝ።

የምኖርበት ሰፈር መናፈሻ ውስጥ ደግሞ እማማ ሼን የምላቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በየጠዋቱ የመጥረጊያ እጀታ በሚያህል ብሩሽ የንጣፉ ድንጋይ ላይ በውኃ ይጽፋሉ። የጥንት ግጥም ነው፤ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ሦስተኛውን መሥመር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ደርቆ ጠፍቷል። አንድ ቀን «መጥፋቱ አያሳዝንዎትም?» አልኳቸው። «ባይደርቅ ኖሮ ነገ የት እጽፋለሁ?» አሉኝ። ሥራ የሚረፍድብኝ እሳቸውን ቆሜ ሳይ ነው።

የኔታ ስለ እኔ ይጠይቃሉ?

ቴዎፍሎስ

*

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቴዎፍሎስ፤

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለ ነበር ደብዳቤዎ የደረሰን ከጥምቀት በኋላ ነው። አንተ ማለቱን ለብቻዬ ሆኜ ሞክሬው ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም።

ለአባባ ቅኔ ከሚያስተምሩበት ከጥዱ ሥር ተቀምጠው አነበብኩላቸው። ስለ ሕፃኑ ንጉሥ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ከወረደ በኋላ ምን ሆነ?»

«አልጻፉም፣ አባባ።»

«ዋናውን ትቶታላ! ማን አሳደገው? ምን በላ? ጠይቂው።»

ስለ ፈተናው ግቢ ሳነብ ግን አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝ። ከዚያ «የእኛ ንጉሥ የወረዱ ጊዜ እኔ ቅኔ ቤት ነበርኩ» አሉኝ። «ቤተ ክርስቲያን ለአገልጋዮቿ የምትሰጠው መሬት ተወሰደ። መምህሩ የሚበላው አጣ፣ ተማሪው ተበተነ። ዘውዱን በዓይኑ ያየው ጥቂት ሰው ነው፤ የጎደለውን ወጪት ግን ሁሉም አየው።» ስለ እማማ ሼን ሲሰሙ ሳቁ። «ሴትዮዋ ቅኔ ቤት ገብታለች እንዴ? ቅኔም እኮ አይደገምም። የዛሬው ለዛሬ ነው፤ ለነገ ሌላ ነው» አሉ። ድጋሚ አስነበቡኝ።

ሳቃቸውን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። ምክንያቱም ተማሪ የለም። የቀሩት ሁለቱ በጥምቀት ማግሥት ሄዱ። ከእነሱ በፊት ደግሞ አበጀ ሄዷል። አበጀ ከራቤል የመጣ ልጅ ነው፤ አባባ ወንበሬን የሚወርስ እሱ ነው ይሉ ነበር። አሁን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቷል አሉ። አባባ «ከልደታ በኋላ ጉባኤውን አጥፌ ገዳም እገባለሁ። ለማን ብዬ እቀመጣለሁ?» ብለዋል። እናቴ ታለቅሳለች። እሳቸው ሲሄዱ ያወቁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ በታች ያለውን ለማንም አላነበብኩም። መሲ ታየው ይሆናል፤ እሷ ግን ሰው የጻፈውን አታወራም።

ከጥዱ ጀርባ የግቢያችን ካብ እንዳለ ያስታውሱታል። ነፋስ ስለማይደርስበት ከልጅነቴ ጀምሮ ከካቡ ኋላ ተቀምጬ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ። እንዝርት እጅን እንጂ ጆሮን አይዝም። አባባ ለተማሪዎቹ የሚሉት ሁሉ፣ ግሱም አገባቡም ቅኔውም፣ ሳላስበው ገባብኝ። አንድ ቀን አባባ ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤቱን ትንሹን ቅኔ ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ቤት ሰጥተው አበጀን ሁለተኛውን ሙላ አሉት። ዝም አለ። ዝምታው ሲበዛብኝ እኔ ከካቡ ኋላ ሞላሁት። በሆዴ ያልኩት መስሎኝ ነበር።

የአባባ ጆሮም ከብዷል። «አበጀ፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ? ድምፅህ ቀጠነ!» አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ይኸን ከየት አመጣኸው፣ ልጄ? ይኸ ልጅ ወንበሬን ይወርሳል» አሉ። አበጀ ሳቁን በበግ ቆዳ ለምዱ ሸፈነ። ከዚያ ወዲህ ሲጨንቀው በጠጠር ካቡን ይመታል፤ እኔ እናገራለሁ። ሌሎቹም ተማሪዎች ያውቃሉ። የማያውቁት አባባ ብቻ ናቸው።

አባባ በእውነት የሚያዝኑት ለአበጀ አይደለም፤ ከካቡ ኋላ ለነበረው ድምፅ ነው። ይህን ልነግራቸው እፈልጋለሁ፤ ግን እፈራለሁ። ሴት ልጅ ናት ሲሉ ደስታቸው ቢረክስባቸውስ?

አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እማማ ሼንን ያን ጽሕፈት ማን አስተማራቸው?

ጽናት

*

ናንጂንግ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽናት፤

ጾሙን የበረከት ያድርግላችሁ። ደብዳቤሽን ባቡር ውስጥ አነበብኩት፤ የምወርድበት ጣቢያ አለፈኝ።

ለየኔታ እንዲህ በያቸው፦ ሕፃኑ ንጉሥ አድጎ ብዙ ክፉ ቀን አየ፤ ታሠረም። በስተርጅናው የአትክልት ስፍራ ውስጥ አበባ ሲያጠጣ፣ ሲኮተኩት ነበር። እንደ ማንኛውም ሰው ሞተ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ባለፈው ወር እዚህ አዲስ ዓመት ነበር። የመንግሥቱ ቀን ሌላ ነው፤ ሕዝቡ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም አዲስ ዓመቱን በጨረቃ ይቆጥራል። እማማ ሼን ቤታቸው ጠርተውኝ ዱቄት እያቦኩ አወሩኝ።

የእናታቸው አባት ለሹመት ፈተና ሲያጠኑ ያረጁ ሰው ነበሩ። ፈተናው ሲቀር በሰፈራቸው ወንዶች ልጆችን ማስተማር ጀመሩ። ዘውዱ ሲወድቅ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱና ወንዶቹ ወደዚያ ሄዱ። ሽማግሌው ብሩሽና ባዶ ክፍል ይዘው ቀሩ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። እግሯ በልጅነቷ ታስሮ፣ በአዋጁ ጊዜ የተፈታ ነው። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ስለ ነበር አጥንቱ ተመልሶ አልተቃናም፤ እስክትሞት ድረስ እያነከሰች ሄዳለች። ልጅቱ ከቤት ስለማትወጣ አባቷን ታያለች፣ ትሰማለች። አንድ ቀን ወረቀት የሚገዙበት ስላልነበራቸው ሸክላ ጡብ ላይ በውኃ ጻፉላት። እሷም ደገመችው። ጡቡ ሲደርቅ እንደገና ጻፈች። ያች ልጅ በኋላ የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች። እማማ ሼን የእሷ ልጅ ናቸው።

እኔ ታሪኩን ስሰማ ስለ ንጉሥ መውደቅ ሳይሆን ስለ አንቺ ካብ ነው ያሰብኩት።

መነጽሩን ቤተሰቡ ደብረ ብርሃን ያለ ተማሪ ይዞት ሄዷል። ጥያቄዬን ግን ዘለልሽው። እኔ የኔታን ሳልሰናበት ነው የሄድኩት። ለምዴን እንኳ አላነሣሁም። ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዓይናቸውን አይቼ «ልሄድ ነው» ማለት አቃተኝ። ስለ እኔ ይጠይቃሉ ወይ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ቴዎፍሎስ

*

መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቴዎፍሎስ፤

ያዘነ ልብዎን እመቤቴ ታሳርፈው። መነጽሩ ደርሷል፤ ሳይሰበር። አባባ አድርገውት መጀመሪያ ያዩት ዳዊታቸውን ሳይሆን እኔን ነው። ፊቴን ወደ ፊታቸው ስበው «አፍንጫሽ የእኅቴን አፍንጫ ሆኗል፤ ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ። እናቴ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ መነጽሩን ከዓይናቸው አላወረዱትም፤ እንቅልፍ ሲወስዳቸው እንኳ እኔ ነኝ የማወልቀው።

ንጉሡ አበባ ሲያጠጣ ነበር ስላቸው «እሰይ!» አሉ። «ከዙፋኑ ይልቅ ያ ደስ ብሎት ይሆናል። እግሩ መሬት ደረሰ።»

ጥያቄዎን የዘለልኩት መልሱን ስለማላውቅ ነበር። አባባ ስለ እርስዎ አይጠይቁም። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። ከቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ለምድ ተሰቅሏል። ለማንም ተማሪ አይሰጡትም። አምና ክረምት አበጀ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አለበሱት እንጂ ያን ለምድ አላወረዱም። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ላይ አስጪው ይሉኛል። የማን እንደሆነ የገባኝ ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ነው። ሳይሰናበቱ ስለ መሄድዎ የጻፉትን አላነበብኩላቸውም። «ጉልበትዎን ሳሚልኝ ብለዋል» አልኳቸው ብቻ። ጉልበታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

የእማማ ሼንን እናት በጣም ወደድኳት። በተጎዳ እግር ሄዳ ሰው ማስተማር! እኔ ሁለት ደህና እግር አለኝ፤ ከካቡ ኋላ እስከ ጥዱ ድረስ መሄድ ግን አቃተኝ። ባለፈው እሑድ ልነግራቸው ወስኜ ፊታቸው ቆምኩ። «ምን ፈለግሽ?» ሲሉኝ «ውኃ ላምጣልዎ?» አልኩ። አመጣሁላቸው። ጠጡ። በቃ።

አባባ ለገዳሙ የሚይዙትን መጻሕፍት መለየት ጀምረዋል። ጊዜው አጭር ነውና ይህችን አንዲት ነገር እማማ ሼንን ይጠይቁልኝ። አያታቸው ሴት ልጅ በማስተማራቸው አፍረው ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ። ደስ እንዲለኝ ብለው እንዳያሳምሩት።

ጽናት

*

ናንጂንግ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽናት፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። እማማ ሼን ታመው ሆስፒታል ስለ ነበሩ ነው የዘገየሁት። አሁን ተሽሏቸው መናፈሻው ተመልሰዋል። ብሩሹ ከብዷቸው በትንሹ ይጽፋሉ።

ጥያቄሽን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ሳያሳምሩ እንዲመልሱም ለመንኳቸው። መጀመሪያ «ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት» አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«አያቴ አፍረዋል እንጂ! ወንዶቹ ቢኖሩ ኖሮ እናቴን አያስተምሯትም ነበር። ይህን እሳቸው ራሳቸው ለእናቴ ነግረዋታል። በሩን ዘግተው ነበር የሚያስተምሯት፤ ጎረቤት እንዳያይ። ከዓመታት በኋላ ግን ከድሮ ተማሪዎቻቸው አንዱ ተመልሶ መጣ። የሀብታም ልጅ ነው፤ እንደገና ያስተምሩኝ አለ። እናቴ ብሩሿን አስቀምጣ ልትነሣ ስትል አያቴ እጇን ያዙ። ልጁን ‹ቦታው ተይዟል› አሉት። ከዚያን ቀን በኋላ በሩ አልተዘጋም።»

ይኸው ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

ጽናት፣ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ሳልናገር ከሄድኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ይኸው አሁንም በአንቺ በኩል ነው ጉልበት የምስመው። ያ ለምድ የእኔ ከሆነ ግን ሰጥቼሻለሁ። የኔታ ቢጠይቁሽ እሱ ሰጠኝ በይ።

ቴዎፍሎስ

*

ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቴዎፍሎስ፤

የሰጡኝን ያህል እግዚአብሔር ይስጥዎ። የዛሬው አጭር ነው።

ደብዳቤዎን እናቴ ዛሬ ከገበያ ይዛ መጣች። ከእሷ ጋር በአንድ መኪና ማን እንደ መጣ ይገምቱ፤ አበጀ! ለልደታ ፈቃድ ተሰጥቶት ነው። የከተማ ጃኬት ለብሷል። አባባ ድምፁን ሲሰሙ ከመደባቸው ተነሥተው ሊወድቁ ነበር። አቅፈው «መጣህልኝ? ነገ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ወንበሬን ለአንተ እሰጣለሁ። ማለዳ ከጥዱ ሥር የበዓሉን ቅኔ ትነግረኛለህ፤ ዛሬ አስበህ ቁጠረው» አሉት። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ደስታቸው ሲበዛ ፍርሃቴም አብሮ በዛ።

ከሰዓት በኋላ ከካቡ ኋላ እየፈተልኩ ነበር። ጠጠር ካቡን መታ።

«ጽኑዬ» አለኝ አበጀ። «አለሽ?»

«አለሁ።»

«ያው ታውቂያለሽ። አንዲት ጉባኤ ቃና ብቻ። የመጨረሻ ናት።»

«ወንበሩን ተቀብለህ ትቀመጣለህ?»

«እኔማ ሰኞ ሥራ ገቢ ነኝ። ግን ሽማግሌውን ደስ ይበላቸው፤ ምን አለበት?»

«የለኝም» አልኩት።

«እንዴት የለኝም? አንቺ አጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለአንተ የለኝም።»

ይቆጣል ብዬ እንዝርቴን አጥብቄ ያዝኩ። እሱ ግን ሳቀ፤ ያን ቀን በለምዱ እንደ ሸፈነው ሳቅ አይደለም። «እኔስ እስካሁን የምጠብቀው ይኸን ነበር» አለ። «ለምን የሄድኩ ይመስልሻል? ልጄ እያሉ ሲያቅፉኝ ያንቺን ጋቢ የለበስኩ ነበር የሚመስለኝ። እንግዲያው ነገ አልቀርብም። እኔ ካልቀረብኩ ጥዱ ሥር ማንም የለም፤ ይኸን እወቂ።» ጠጠሩን በካቡ ላይ ወርውሮልኝ ሄደ። አሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ማምሻውን አባባ «ጽናት፣ ያን ለምድ አውርጂና አራግፊው» አሉኝ። መስከረም አይደለም። ለአበጀ ሊያለብሱት ነው ብዬ አሰብኩ። አራግፌ እግራቸው ሥር ሳስቀምጠው በመነጽሩ ውስጥ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያውቁ ይሆን? እንጃ። ቢያውቁም ባያውቁም ከእኔ አፍ መውጣት አለበት።

ቅኔዬ ስለ እመቤታችን እናት ስለ ሐና ነው፤ በስተርጅናዋ ሴት ልጅ ስለ ተሰጠቻት። ለእርስዎ ልጽፈው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። አንዴ ብቻ ነው የሚባለው፤ መጀመሪያም አባባ ሊሰሙት ይገባል። ለእማማ ሼን እንዲህ ይበሉልኝ፦ ሲደርቅ አላዝንም።

ነገ ማለዳ፣ ገና ጨለማው ሳይለቅ፣ ደወል ሳይደወል፣ አባባ ጥዱ ሥር ሲቀመጡ ካቡን እዞራለሁ። እንዝርቴን አልይዝም። ለምድዎን ለብሼ ተማሪ በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ፤ «አበጀ ነህ?» ሲሉኝ «አይደለሁም፣ አባባ» እላለሁ፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።

ጽናት